ጉሙን ለእናቴ ልንገራት?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

የ16 ዓመት ልጅ ነኝ። ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ነኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። እናቴ ከፊራ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። አባቴ ልጅ ሆኜ ስለሞተ ቤት ውስጥ ያለነው እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ ነን።

ስካውት ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን ገመድ አቋጣጠር፣ የመጀመሪያ እርዳታና ካርታ ማንበብ እንማራለን። ችግኝ እንተክላለን፤ አቅመ ደካሞች ቤት ሄደን እናጸዳለን። እናቴ እስከዚህ ድረስ ቅር አይላትም። እንዲያውም ስካርፌን ተኩሳ የምታስቀምጥልኝ እሷ ናት።

ጥር መጨረሻ ላይ፣ የግማሽ ዓመቱ ፈተና እንዳለቀ፣ ቡድናችን ቁንዱዶ ተራራን ለመውጣት ተነሳ። ድንኳኑንም ምግቡንም በጀርባ ተሸክሞ መውጣት፣ አናቱ ላይ አድሮ መውረድ ነው። እናቴን እስካስፈቅድ ያየሁትን አሳር እኔ ነኝ የማውቀው። «ልጄን ለጅብ አልሰጥም» ነበር መልሷ። በመጨረሻ እሺ ያለችው ከመሪዎቻችን አንዷ ሴት ስለሆነች ነው። መምህርት ናት። ከፊራ ድረስ ሄዳ፣ በርበሬ እየገዛች አናገረቻት። እናቴም «እሺ፤ ግን ወፍራሙን ጋቢ ይዛ ትሄዳለች» አለች። ጋቢውን በፌስታል ጠቅልላ፣ አፉን በሲባጎ አስራ ሰጠችኝ።

በመነሻችን ጠዋት መሪያችን የሁላችንንም ቦርሳ አስፈታ። «ሸክማችሁ ከክብደታችሁ አንድ አምስተኛ አይለፍ» ይላል። የእኔን ጋቢ ብድግ አድርጎ አየና «ይሄማ ይቅር» አለ። መምህርቷ ግን «አይቀርም፣ ለእናቷ ቃል ገብቻለሁ» ብላ መለሰችልኝ። በምትኩ ሁለት ሱሪና አንድ ትልቅ የፀጉር ቅባት ወጣብኝ። ከዚያ እንደገና ከተትነው። የመኝታ ከረጢቱ ከታች፤ ከባድ ከባዱ መሀል ላይ፣ ወደ ጀርባ ተጠግቶ፤ ውሃና የዝናብ ልብስ ከላይ። የወገቡን ቀበቶ ሲያጠብቅልኝ ሸክሙ ከትከሻዬ ወርዶ ዳሌዬ ላይ ዐረፈ። አቦ! ያው ቦርሳ ነው፤ ግማሽ የሆነ መሰለኝ።

በአባዱላ ደንገጎን ወጥተን፣ ሐረርን አልፈን ፉኛን ቢራ ገባን። ከዚያ በእግር ነው። ታች ታቹ ጫት ነው፤ ማሽላው ታጭዶ አገዳው ተከምሯል። ገበሬዎቹ «ወዴት ናችሁ?» ይሉናል፤ የድሬ ልጅ ኦሮምኛ ስለሚችል ጨዋታው አያልቅም። አንዲት እናት ቁጢ (የቡና ቅጠል ሻይ) አፍልተው፣ ወተት ጨምረው አጠጡን። «ይቺ ልጅ ከቦርሳዋ ታንሳለች» ብለው አዘኑልኝ። ቀጥሎ ዳገቱ ቀጥ አለ። ወሬ ሁሉ ቆመ። ከፊቴ ያለውን ልጅ ተረከዝ ብቻ እያየሁ ነው የወጣሁት።

አናቱ ሜዳ ነው። እትዬ፣ ተራራ ወጥቼ ሜዳ አገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ሣር ነው፤ ነፋስ ነው። ማታ ላይ ስናገር ከአፌ ጭስ ወጣ። የድሬ ልጅ ይህን የት ያውቃል! ሁላችንም እፍ እፍ እያልን ስንጫወት አመሸን። ሴቶቹ ከመምህርቷ ድንኳን አጠገብ አንድ ላይ ተኛን። ጠዋት ስወጣ ፈረሶቹ ቆመዋል። የዱር ናቸው፤ ባለቤት የላቸውም። አንደኛው ጆሮውን አቁሞ አየን፤ ከዚያ ሁሉም ዞረው ሄዱ። ስልኬን ሳላወጣ አመለጡኝ። አልቆጨኝም፤ እስካሁን ዓይኔ ላይ አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ስንመለስ፣ ገና ሜዳው ላይ እያለን፣ ጉም መጣ። ያን ቀን የኋላ ጠባቂዋ እኔ ነበርኩ። የኋላ ጠባቂ ፊሽካ ይይዛል፤ ከመጨረሻው ልጅ ኋላ ይሄዳል፤ ማንንም ጥሎ አያልፍም። የመጨረሻው ልጅ ትንሽ ነው። ተረከዙ ውሃ ቋጥሮ እያነከሰ ነበር። ጉሙ ሲመጣ እንዴት እንደፈጠነ ልነግርዎ አልችልም። ከፊታችን ያሉት ሲሄዱ እያየኋቸው ጠፉ። ከዚያ ፊሽካ ሰማሁ። ደንባችን ፊሽካ ከተነፋ ሁሉም ባለበት ይቁም ነው። እኔም ነፋሁና ቁጭ አልን።

ካፊያ ጀመረ። ልጁ የለበሰው ቲሸርት በላብ ርሶ ነበር፤ ነፋሱ ሲመታው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጥርሱ ሲፋጭ ይሰማኛል። «እማዬ» እያለ አለቀሰ። የተማርነው መጣልኝ። እርጥቡን አስወለቅኩት፣ የእኔን ደረቅ ሹራብ አለበስኩት፣ የእናቴን ጋቢ ከፌስታሉ አውጥቼ ከነራሱ ጠቀለልኩት፣ የዝናብ ልብሴን ከላይ ጣልኩበት። መሬቱ እንዳይቀዘቅዘው ቦርሳው ላይ አስቀመጥኩት። ቴምር ነበረኝ፤ አንድ በአንድ አጎረስኩት። በየመሀሉ ፊሽካ እነፋለሁ፤ ከፊት ይመልሱልኛል። መሪያችን ሌሎቹን መምህርቷ ዘንድ አስቀምጦ የፊሽካውን ድምፅ እየተከተለ መጣ። አጠገባችን እስኪቆም ድረስ አላየነውም። ይዞን ሄደና ጉሙ እስኪገለጥ ሁላችንም አንድ ላይ ተቀመጥን።

ሲገለጥ ገደሉን አየሁት። እኔና ልጁ ከተቀመጥንበት ሩቅ አልነበረም።

ቤት ስገባ እናቴ መጀመሪያ ያየችው እግሬን ነው። የሁለቱም አውራ ጣቶቼ ጥፍር ጠቁሯል። ትከሻዬም ተልጧል። «ይሄ ነው ሽርሽሩ?» አለች። ያደረሱኝ መሪዎቻችን ሲሰናበቱን ደግሞ እንደ ስካውት በግራ እጅ ጨበጡን። እናቴ ይህን አይታ «ትልቅ ሰው እንዴት ግራ እጁን ይሰጣል?» ብላ ለሳምንት አዘነች። ስለ ጉሙ ምንም አልተነፈስኩም።

አሁን ለፋሲካ ቡድናችን ጋራ ሙለታ ሊወጣ ነው። እናቴ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። እሷ በ1998ቱ ጎርፍ ጊዜ ደቻቱ ወንዝ ዳር ነበር የምትኖረው። ስለዚያ ሌሊት አታወራም። ዝናብ ሲጥል ግን አትተኛም፤ ተነስታ በሩ ላይ ትቀመጣለች። «በዝናብ ተራራ? አላደርገውም» ነው የምትለው። ጓደኛዬ «ለበዓል ሐረር አክስቴ ጋ ልሂድ በያት፤ ማን ያውቃል?» ትለኛለች። የዘንድሮው ካለፈኝ ደግሞ ከርሞ ማትሪክ ነው።

እትዬ፣ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ያ ልጅ ማልቀሱን እስኪያቆም ያደረግኩት ነው። ለእናቴ ልነግራት የማልችለው ደግሞ እሱኑ ነው። ከነገርኳት ከደጅ አታስወጣኝም። ካልነገርኳት ዓይኗን ማየት እያቃተኝ ነው። ምን ላድርግ?

የሳቢያኗ ልጅ


መልስ

ልጄ፣ ንገሪያት።

ከጋራ ሙለታ በፊት ንገሪያት፤ ይህ አምድ ከመውጣቱም በፊት። መልሴን አስቀድሜ የላክሁልሽ ለዚህ ነው። ከፊራ ውስጥ አንዱ አንብቦ «የቅመሟ ልጅ አይደለችም?» ከሚላት ካንቺው አፍ ትስማው።

ስለ አነጋገሩ ጥቂት ልበል፤ ጊዜውና ቦታው ብዙ ለውጥ ያመጣልና። ገበያ ላይ እያለች አይሁን። ሰማዩ በጠቆረ ቀንም አይሁን። እሑድ ቡና ተፈልቶ፣ ወንድምሽ ወጣ ሲል ቁጭ በይ። ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምረሽ በተራው ንገሪያት። ሴትዮዋ ያጠጧችሁን ቁጢ፣ ከአፍሽ የወጣውን ጭስ፣ ፈረሶቹን። ከዚያ ጉሙን። ገደሉንም አትዝለይው። አሁን ቆርጠሽ ያስቀረሽው ከርሞ ከሌላ ሰው ሲመጣ ሌላውን ሁሉ ያበላሽብሻል። የዚያን ቀን ፈቃድ አትጠይቂ፤ የጋራ ሙለታን ስም አታንሺ። እናትሽ ታሪኩን ለማስፈቀጃ ያመጣሽው ከመሰላት ታሪኩንም አታምነውም። ትጮህ ይሆናል። ትጩህ። ምናልባት ታለቅስ ይሆናል። አጠገቧ ሁኚ እንጂ «እኮ ምንም አልሆንኩም» እያልሽ አታቋርጫት።

ጋቢውን ስትደርሺበት ዝርዝሩን ንገሪያት። መሪያችሁ ይቅር ያለው ጋቢ ነው ያንን ልጅ ያሞቀው። ከዚያ ሁሉ ጓዝ መሀል ደረቅ ሆኖ የተገኘው እሷ በፌስታል ጠቅልላ፣ በሲባጎ ያሰረችው ነው። ይህ ለማባበል የሚነገር አይደለም፤ የሆነው ይኸው ነው። ጥጥ ደረቅ ሲሆን ያሞቃል፤ ከራሰ ግን ሙቀት ይነጥቃል። ፌስታሉ ባይኖር ያ ጋቢ ካፊያውን ጠጥቶ ከሸክምነት ሌላ ምንም አይረባሽም ነበር። እናትሽ ተራራ ወጥታ አታውቅም፤ ግን ለተራራው ያሰናዳችሽ አንዷ እሷ ናት። ይህን የማወቅ መብት አላት።

አሁን ያደረግሽውን ልመዝነው፤ ሚዛኑን አንቺም አታውቂውም መሰለኝ። ቁንዱዶ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። ሽቅብ ሲወጣ አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከድሬ ጋር ሲነጻጸር አናቱ ላይ ከ10 ዲግሪ በላይ ቅናሽ አለ። ነፋስና እርጥብ ቲሸርት ሲጨመርበት ሰውነት ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ለዚህ በረዶ አያስፈልግም። ያ ልጅ ደክሞት፣ ርቦት፣ በላብ ርሶ ነፋስ ላይ ተቀምጧል። አደጋው የሚጀምረው እንዲህ ነው። መንቀጥቀጥ ሰውነት ራሱን ለማሞቅ የሚያደርገው ትግል ነው። ልጁ ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ቢያቆም፣ ምላሱ ቢተሳሰር፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ቢለው ነበር የባሰው። እርጥቡን ማውለቅሽ፣ ራሱን መሸፈንሽ፣ ከመሬት ማንሳትሽ፣ ጣፋጭ ማጉረስሽ ትክክል ነው፤ አንዱም አልቀረሽም።

መቀመጣችሁም ትክክል ነው። አናቱ ጠፍጣፋ፣ ዳሩ ገደል የሆነ ተራራ ላይ ጉም ሲመጣ ሜዳው ያታልላል። እግር ስር ለጥ ያለ ስለሆነ ሰው ይደፍራል፤ ሜዳው የት እንደሚያልቅ ግን አይታይም። ፊሽካ ሰምቶ መቆም ለልጆች ከባድ ነው፤ ሁሉም ወደ ጓደኛው መሮጥ ነው የሚያምረው። እናንተ ቆማችኋል። ለእናትሽ ገደሉን ስትነግሪያት ይህንንም ንገሪያት፦ ገደሉ ቅርብ ነበር፤ እኛ ግን አልተንቀሳቀስንም።

ጓደኛሽ ያለችሽን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው። በፍጹም። የስካውት መፈክር «ዝግጁ ሁን» አይደል? ተራራ ለሚወጣ ሰው የመጀመሪያው ዝግጅት ቤት የቀረ ሰው የት እንዳለ፣ በየት እንደሚመለስና መቼ እንደሚደርስ ማወቁ ነው። እናትሽ ሐረር አክስትሽ ጋ ያለሽ መስሏት አንቺ ጋራ ሙለታ ላይ እግርሽ ቢሰበር፣ ልጄ ቀረች ብላ የምትፈልግሽ ሐረር ነው። እውነቱን የሚያውቁት መሪዎችሽም ቢሆኑ ያልተፈቀደላትን ልጅ ይዘው በመውጣታቸው ቡድኑ በሙሉ ጣጣ ውስጥ ይገባል። ጓደኛሽን አትቆጪያት፤ ብቻ አትስሚያት።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው የቆምኩት ግን ሌላ ቦታ ነው። ስለ ጅብ አነሳሽ፣ ስለ ጥፍር፣ ስለ ግራ እጅ። ስለ 1998ቱ ጎርፍ የጻፍሽው ጥቂት መስመር ነው። እኔ ሐረር ነው ያደግኩት፤ ዘመዶቼ ግን ድሬ ናቸው። በዚያ ዓመት፣ ሐምሌ ማለቂያ ላይ፣ ሌሊት ሰው በተኛበት ደቻቱ ሞልቶ ወጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙ ቤት ተጠረገ። ደቻቱን ታውቂዋለሽ። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ውሃው የሚመጣው ከላይ፣ ከተራሮቹ ነው። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ከደንገጎ በኩል ያለው ደጋ ላይ የጣለው ዝናብ ወንዙን ሊሞላው ይችላል። እናትሽ ይህን ከመጽሐፍ አልተማረችውም። በዝናብ ሌሊት በሩ ላይ የምትቀመጥ ሴት «በዝናብ ተራራ?» ስትልሽ ሴት ልጅ ለምን ተራራ ወጣች ማለቷ አይደለም። ውሃው ሲመጣ ልጄ የት ነው የምትሆነው እያለችሽ ነው። እስካሁን ይህን የመለሰላት ሰው የለም።

ደግሞም እውነት አላት። ቁንዱዶን የወጣችሁት በበጋ ነው። ፋሲካ የሚውለው በልግ ላይ ነው፤ የሐረርጌ ደጋ በዚያ ወቅት ዝናብ ያገኛል። ጠዋት ጠርቶ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይሆናል። መብረቅ ለጥ ባለ አናትና በሸንተረር ላይ ያለ ሰውን ይፈልጋል። ድንጋዩ ያዳልጣል። ደረቅ የነበረ ሸለቆ በደቂቃዎች ይሞላል። ጋራ ሙለታ ደግሞ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፤ ከቁንዱዶ ይበልጣል። ከ2,500 ሜትር በላይ ሲወጣ ከቆላ የመጣ ሰው ራሱን ሊያመውና ሊያቅለሸልሸው ይችላል። እንዲህ የሆነ ልጅ ሽቅብ አይቀጥልም፤ እስኪሻለው ይቆማል፣ ካልተሻለው ይወርዳል። መሪዎቻችሁ ይህን ያውቃሉ ብዬ አምናለሁ፤ በቁንዱዶ የሠሩትን ሳይ ጠንቃቆች ናቸው። ቢሆንም በእናትሽ ቦታ ብሆን እኔም ለምን በልግ ላይ ብዬ እጠይቃቸው ነበር።

ስለዚህ ለእናትሽ በነገርሽ በሳምንቱ መምህርቷንና መሪያችሁን ቤት ጥሪያቸው። ቡና ይፈላ። አንቺ ጀበናውን ያዢና ዝም በይ፤ እናትሽ ትጠይቅ። ዝናብ ቢጀምር ወዴት ነው የምትሸሹት? ድንኳኑ የሚተከለው የት ነው? ደረቅ ወንዝም ሆነ ጅረት ዳር እንደማይሆን ይንገሯት። ከመካከላችሁ አንዱ ቢታመም በየት ይወርዳል? በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ የት ነው፣ መኪናስ እስከየት ይደርሳል? ስልክ የማይሠራበት ቦታ ከሆነ ከሳቢያን ማን ይደወልለታል? ሴቶቹ ከማን ጋር ነው የሚያድሩት? አንድ ትልቅ ሰው ብቻውን ከአንድ ልጅ ጋር እንዳይቀር ደንብ አላቸው? ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ? ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ መንተክተክ አለበት፤ ይህን ሲመልሱላት ሥራቸውን እንደሚያውቁ ይገባታል። አጥጋቢ መልስ ያጣችበት ጥያቄ ካለ እሱ ጥያቄ ለእናንተም ይጠቅማል።

ስለ ጊዜውም ይጠየቁ። ጉዞው ከክረምት በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢሆን ምን ይጎዳል? ጥቅምት ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተናሽ ገና ሩቅ ነው። አንቺ ራስሽ ይህን ሐሳብ ለቡድኑ ብታቀርቢ ደግሞ እናትሽ ሌላ ነገር ታያለች፦ ልጄ የእኔን ፍርሃት ሰምታ፣ ቁም ነገር ብላ ወሰደችው ትላለች።

አንድ ትንሽ ነገር። መሪያችሁ ቤት ሲመጣ ለእናትሽ ቀኝ እጁን ይስጥ፤ ጎንበስም ይበል። የግራው ሰላምታ በዓለም ዙሪያ የስካውቶች ነው፤ እርስ በርሳችሁ ተጨባበጡበት። እናትሽ ግን ስካውት አይደለችም። በእኛ አገር ለትልቅ ሰው ግራ እጅ አይሰጥም። እሷ እንደ ንቀት ያየችውን እሱ ራሱ ቢያስረዳት ደስ ይለኛል።

ለእናት ደግሞ ጥቂት ልጨምር። እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው ልጅሽ ነግራሻለች ማለት ነው። ተቆጪ፤ መብትሽ ነው። ግን ጉሙ ውስጥ ያደረገችውን አንድ ጊዜ በዓይነ ኅሊናሽ አስቢው። የሌላ ሴት ልጅ «እማዬ» እያለ ሲያለቅስ አንቺ ብትሆኚ የምታደርጊውን ነው ያደረገችው። የዚያ ልጅ እናት ዛሬ ልጇን አቅፋ የምታድረው እሷ ስላልተወችው ነው። ድንኳን ውስጥ ማደርም የዘንድሮ ፋሽን አይደለም። ስካውት እንግሊዝ አገር በ1907 (እ.ኤ.አ.) ሲጀመር የጀመረው ልጆችን ወስዶ ደሴት ላይ በድንኳን በማሳደር ነው፤ ትምህርቱ እዚያ ነው ያለው። እኔ ልጅሽ ተራራ ብትወጣ እወዳለሁ፤ በግልጽ ልንገርሽ። በልግ ላይ አትውጣ ያልሽውንም እደግፋለሁ። ሁለቱ አይጣሉም። ስለዚያ ሌሊት ልታጫውቻት የፈቀድሽ ቀን ደግሞ ታዳምጥሻለች፤ ጆሮ ያላት ልጅ ናት።

ወደ አንቺ ልመለስ፤ ጥፍርሽን እንዳልረሳው። ጥፍር የሚጠቁረው ቁልቁለት ላይ እግር ጫማው ውስጥ ወደፊት እየተንሸራተተ ጣት ጫፉን ሲመታ ነው። ከመሄድሽ በፊት ባሉት ቀናት ጥፍርሽን በአጭሩ፣ ቀጥ አድርገሽ ቁረጪ። ጫማሽ ከአውራ ጣትሽ ፊት የአንድ ጣት ያህል ቦታ ይኑረው። መውረድ ስትጀምሩ ቁጭ በይና ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚትሽ ጋ ጠበቅ አድርገሽ እንደገና እሰሪ። ያ ትንሽ ልጅም ተረከዙ ገና መንደድ ሲጀምር ቢናገር ኖሮ በፕላስተር ይያዝለት ነበር፤ ውሃ እስኪቋጥር መጠበቅ የለበትም። የትከሻሽ መላጥ ደግሞ የወገብ ቀበቶው እየላላ ሲሄድ ሸክሙ ተመልሶ ትከሻ ላይ ስለሚወጣ ነው፤ በየዕረፍቱ አጥብቂው። የጠቆረው ጥፍር በጊዜው ራሱ ይወድቃል ወይም እያደገ ይተካል፤ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ግን ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እናትሽ አሁንም «አይሆንም» ካለች ተቀበያት። የፋሲካው ይለፍሽ። ከበዓሉ በኋላ ለእኔ ጻፊልኝ፤ መሪዎቻችሁ ስለ ጥቅምቱ ምን እንዳሉም ንገሪኝ።